የሞተር ሳይክል ማርሚታ ሲያፈስ ራሳችሁ እንዴት ትጠግኑታላችሁ

ጠዋት ሞተራችሁን ስታስነሱ ከፊት በኩል፣ የጭስ ቱቦው ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ በላይ ካለው ብረት) ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ጠክ ጠክ የሚል ደረቅ ድምፅ ካለ፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ከቀነሰ፣ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጠት ስታቆሙ ደግሞ ከኋላ ፓ ፓ እያለ ከተኮሰ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እያፈሰ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሲሞቅ ድምፁ ሚቀንሰው ብረቱ በሙቀት ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚያጠበው ነው እንጂ ስለዳነ አይደለም፣ ነገ ጠዋት ይመለሳል። ተኩሱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሞተሩ ጭሱን ሚያወጣው ባንዴ እየለቀቀ ሳይሆን በምት በምት ነው፣ በምቶቹ መሀል ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ሚወርድበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ክፍተት ካገኘ ከውጭ አየር ይስባል፣ ሳይቃጠል የወጣ ቤንዚን ካለ ከዛ አየር ጋር ተገናኝቶ እዛው ቱቦ ውስጥ ይፈነዳል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ካርቡራቶር ያስነካል፣ ካንዴላ ይቀይራል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ ሚዞርበትን ፍጥነት) ያስጨምራል፣ ገንዘቡ ያልቅና ተኩሱ ግን እዛው ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ ማየው ነገር ጓርኒሶን (ቱቦውና ቴስታታው መሀል ሚገባው ማሸጊያ ቀለበት) ተቀይሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ማፍሰስ መጀመሩ ነው። ሰው ጓርኒሶኑ ፎርጅድ ነው ይላል፣ ሊሆንም ይችላል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጓርኒሶኑ አይደለም። የኋላው ማሰሪያ ብሎን ላልቶ ወይም የማሰሪያው ጎማ ተበልቶ ማርሚታው ኮረኮንች ላይ ሲወዛወዝ ክብደቱ በሙሉ ፊት ላሉት ሁለት ትንንሽ ስታዶች (ከቴስታታው የወጡ ራስ የሌላቸው ብሎኖች) ይተርፋል፣ እነሱ ደግሞ ሊሸከሙት ሳይሆን ሊያጣብቁት ነው የተሠሩት። ስለዚህ ፊት ስታስተካክሉ ኋላውን ካላያችሁ ሥራው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ የት እንደሚያፈስ እወቁ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ቦታውን ፈልጉ። ሞተሩን ክፍት ቦታ አውጡት፣ በር በተዘጋ ጋራዥ ወይም ግቢ ጥግ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንዳታስነሱት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምራችሁ ነው ሚታወቃችሁ፣ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል።

ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ በዓይናችሁ እዩት። ጭስ ሚወጣበት ቦታ ዙሪያውን ጥቁር ጥቀርሻ ይሠራል፣ ፍላንጁ (ቱቦውን በስታዶቹ ሚያስይዘው ብረት) ከቴስታታው ጋር ሚጋጠምበት ላይ፣ የፊት ቱቦና ሳይለንሰሩ (የኋላው ድምፅ ማፈኛ) ሚገናኙበት ክላምፕ ላይ፣ ማሰሪያው የተበየደበት ቦታ ላይ፣ ከዛ ከሳይለንሰሩ ሆድ ስር። ጥቀርሻ ካገኛችሁ ፍለጋው አለቀ ማለት ነው። እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ያለ ቱ ስትሮክ (ዘይትና ቤንዚን አብሮ ሚያቃጥል ሞተር) ከሆነ ደግሞ ጥቀርሻው ደረቅ ሳይሆን ዘይት የቀላቀለ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ እሱን ማጣት አይቻልም።

ካልታያችሁ የሳሙና ውሃ አድርጉ። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጡ፣ በብሩሽ ወይም በስፕሬይ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀቡት፣ ከዛ አስነሱና ወዲያው እዩ፣ ያረፋል ወይም ይተፋል። ፍጠኑ ግን፣ ቱቦው በደቂቃ ውስጥ ስለሚግል ውሃው ተንኖ ይጠፋል። በጋለ ቱቦ ላይ ውሃ አትርጩ።

ከዚህም ካለፈ ሌላ ሰው ጨርቅ በደንብ በውሃ ነክሮ፣ ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የማርሚታውን ጫፍ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይያዝላችሁ፣ እናንተ ከጎን ሆናችሁ አዳምጡ። ቱቦው ደህና ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ ይቃረባል፣ ሚያፈስ ከሆነ ግን ፊስስ እያለ በዛው በቀዳዳው ይወጣል። ባዶ እጃችሁን እንዳታደርጉ፣ ፊታችሁንም ከጫፉ ፊት አታድርጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጠክ ጠክ ሚል ሁሉ ማርሚታ አይደለም። የቫልቭ ሬጅስትሮ (የቫልቩ ክፍተት ልክ) ሲላላም እንደዛ ይጮሃል። ልዩነቱ የቫልቭ ድምፅ ከላይ ከቴስታታው ክዳን ነው ሚመጣው፣ ዳገት ላይ ጭነት ስታበዙበትም ያን ያህል አይለወጥም፣ የማርሚታ ግን ነዳጅ በሰጣችሁት ቁጥር ይጎላል። ደግሞ አንዳንድ የህንድ ሞተሮች ላይ ከአየር ማጣሪያው በኩል ወደ ቴስታታው ጭስ መውጫ አየር ሚሰጥ ቀጭን ጎማ ቱቦ አለ፣ እሱ ከወለቀ ወይም ከተሰነጠቀ ልክ እንደ ማርሚታ ያስጮኸዋል፣ ያንን መልሶ መግጠም ብቻ ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል

10፣ 12 እና 13 ቁልፍ፣ ከተቻለ ቡሶላ (ዳዶውን ዙሪያውን ሚይዝ ቁልፍ)፣ አፈ ክፍት ቁልፍ የተበላ ዳዶ ላይ ይንሸራተትና ማዕዘኑን ይጨርሰዋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ። ስፕሬዩ ከሌለ ናፍጣ ወይም ፍሬን ዘይት ሚጠቀሙ አሉ፣ ናፍጣው ይሠራል ጊዜ ከሰጣችሁት፣ ፍሬን ዘይቱን ግን ቀለም ስለሚበላ ተዉት። አዲስ ጓርኒሶን፣ የሞተራችሁን ሞዴል ተናግራችሁ ግዙ፣ እንዲያውም አሮጌውን ይዛችሁ ሄዳችሁ የውጭውንም የውስጡንም ስፋት አስተያዩት፣ ቦክሰር 100 እና ቦክሰር 150 አንድ ነው ሚላችሁን ባለሱቅ ዝም ብላችሁ አትመኑት። አዲስ ዳዶና ሮንዴላም አብራችሁ ግዙ፣ ርካሽ ነው።

አፈታት

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ማታ ስፕሬዩን ወይም ናፍጣውን ዳዶዎቹ ስር ደፍታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት እንደገና ትንሽ ጨምሩ። ይሄን ሚዘል ሰው ነው ስታድ ሚሰብረው። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ሞተር፣ የገጠር መንገድ ላይ ሰው ሚያመላልስ ከሆነማ፣ ዳዶውና ስታዱ በዝገት አንድ ብረት ሆነዋል።

መጀመሪያ የኋላውን የማርሚታ ብሎን አላሉት ግን አታውጡት፣ ማርሚታው ተንጠልጥሎ ፊቱን እንዳይጎትት። ከዛ የፊቶቹን ዳዶዎች ተራ በተራ፣ ትንሽ ከአንዱ ትንሽ ከሌላው ፍቱ። ከጠነከረ በጉልበት አንድ አቅጣጫ ብቻ አትግፉት፣ ሩብ ዙር ወደ ማጥበቂያው ሩብ ዙር ወደ መፍቻው እያደረጋችሁ ስፕሬይ እየጨመራችሁ አለማምዱት፣ ሲንጫጫ ሚሰማችሁ ድምፅ ዝገቱ እየለቀቀ ነው። እምቢ ካለ ዳዶውን ብቻ በትንሽ ችቦ ማሞቅ ይቻላል፣ ግን ስፕሬይ የተረጨበት ቦታ ላይ እሳት ስለሚነሳ መጀመሪያ ጥረጉት፣ የቤንዚን ታንከሩም ተዘግቶ ይሁን፣ ከተቻለ ይውረድ። ኦክስጅን አሲቲሊን ያለው ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ፣ ቴስታታው የአልሙኒየም ቅይጥ ነው፣ ከ660 ዲግሪ በታች ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ዝም ብሎ ይፈሳል።

ዳዶዎቹ ከወጡ በኋላ የኋላውን ብሎን አውጥታችሁ ማርሚታውን በሁለት እጅ አንሱት። ቻይና ሠራሽ 125ቶች ብዙዎቹ ላይ ፍላንጁ ስር ሁለት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ብረቶች አሉ፣ ይወድቃሉ፣ ሳር ውስጥ እንዳይጠፉባችሁ ከስር ጨርቅ አንጥፉ።

ስታድ ቢሰበርስ

ዳዶው ሳይሆን ስታዱ ራሱ ከቴስታታው ተፈትሎ ከወጣ ደህና ነው፣ ጥርሱ ካልተበላ አጽድታችሁ ትመልሱታላችሁ። ተሰብሮ ትንሽ ጫፍ ከወጣ ሁለት ዳዶ አስገብታችሁ እርስ በርስ አጥብቃችሁ የውስጠኛውን በቁልፍ መፍታት ነው፣ ጫፉ አጭር ከሆነ ደግሞ በያጅ ዳዶ ላዩ ላይ በይዶ በሱ ያወጣዋል፣ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ከቴስታታው ጋር እኩል ሆኖ ከተሰበረ ግን እሱን በእጅ ድሪል ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ስታዱ ብረት ነው ቴስታታው አልሙኒየም፣ የድሪሉ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ለስላሳው ይንሸራተታል፣ ከዛ ቀዳዳው ይጣመማል። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ያለው ሰው ጋ ውሰዱት፣ መሀሉን አስተካክሎ በስቶ አስፈላጊ ከሆነም አዲስ ጥርስ ያወጣለታል።

ጽዳትና ጓርኒሶን

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። ቱቦው ሲወጣ አሮጌው ጓርኒሶን ቴስታታው ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ በጥቀርሻ ተሸፍኖ የቴስታታው አካል ይመስላል፣ ሰውየው ጓርኒሶን የለውም ብሎ አዲሱን ከላዩ ይደርብበታል። ሁለት ጓርኒሶን አብሮ እኩል አይጠብቅም፣ ፍላንጁ ይንጋደዳል፣ ሲንጋደድ ያፈሳል። በባትሪ ብርሃን እያያችሁ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ዳር ዳሩን ፈልጉ፣ ቀለበት መሰል ነገር ካለ ቀስ ብላችሁ ወደ መሀል አጥፋችሁ በፒንሳ አውጡት። አልሙኒየሙን እንዳትፍቁት፣ አንድ ጭረት ለጭስ በቂ መንገድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር። አንደኛ ሞተሩን በእጅ አዙራችሁ የጭስ ቫልቩ ሚዘጋበት ቦታ ላይ አቁሙት፣ በቀዳዳው በባትሪ ብታዩ ይታያል፣ ስባሪው ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ሁለተኛ የድሮ ሞተር ከሆነ ጓርኒሶኑ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ደርቆ እያለ ፍቃችሁ አቧራውን አትንፉት፣ በውሃ አርጥባችሁ አውጡት፣ ፍርፋሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

የፍላንጁንና የቱቦውን አፍ በሽቦ ብሩሽ አንጹ፣ የቴስታታውን ግን በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ። ፍላንጁን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጣችሁ እዩት፣ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተጣሟል፣ ባለፈው ያጠበቀው ሰው አንዱን ዳዶ ከልክ በላይ ጎትቶት ነው፣ ወፍራም ከሆነ በፋይል መሞረድ ይቻላል ቀጭን ከሆነ ቀይሩት። የስታዶቹንም ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ።

አዲሱ ጓርኒሶን ስትገጥሙ እየወደቀ እንዳያስቸግራችሁ ትንሽ ግራሶ ቀቡትና ቀዳዳው ውስጥ ለጥፉት፣ ግራሶው መጀመሪያ ሲነሳ ትንሽ ጨሶ ያልቃል። ሲሊኮን አትቀቡበት። ቀዩ ሲሊኮን ሙቀት ይችላል ተብሎ ይሸጣል፣ የሚችለው ወደ 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከቴስታታው ሚወጣው ጭስ ከ500 በላይ ይደርሳል፣ ተቃጥሎ ይረግፍና ከመጀመሪያው የባሰ ክፍተት ይሆናል። ከሳይለንሰሩ ጋር ሚገናኝበት መገጣጠሚያ ላይ ግን ለማርሚታ ተብሎ ሚሸጠው ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ሚጠነክር ፓስታ (ሊጥ መሰል ማሸጊያ) አለ፣ እሱ ጥሩ ነው።

ጓርኒሶን ማይገኝበት ከተማ ከሆናችሁ የመካኒኮች ዘዴ አለ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አውጡ፣ በአሮጌው ጓርኒሶን ልክ ቀለበት አድርጋችሁ ጠምጥሙት፣ እሳት ላይ እስኪቀላ አሙቁትና ውሃ ውስጥ ክተቱት። መዳብ እንደዛ ሲደረግ ይለሰልሳል፣ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ክፍተቱን ይሞላል። ዋናውን እስክታገኙ በደንብ ይሠራል፣ እንዲያውም ከአንዳንድ ገበያ ላይ ካለው ይሻላል ብል አልዋሸሁም።

አጠባበቅ

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። ቱቦውን አስገቡ፣ ግማሽ ጨረቃ ካለው አስተካክሉ፣ ፍላንጁን ግፉ፣ የፊቶቹን ዳዶዎች በጣት ብቻ አስገቡ። ከዛ የኋላውን ብሎን በጣት አስገቡ። አሁን ማርሚታውን ወዝወዝ አድርጉት፣ ራሱ ቦታውን ይያዝ። የኋላው ቀዳዳ ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር ካልተገናኘ ጎትታችሁ በጉልበት አታስገቡት፣ ለምን እንዳልተገናኘ ፈልጉ፣ ማሰሪያው ተጣሟል ወይም ጎማው አልቋል ወይም ሞተሩ ወድቆ ያውቃል። ማሰሪያውን አቅኑት፣ ወይም ክፍተት ካለ ሮንዴላ ጨምሩበት። ተጎትቶ የታሰረ ማርሚታ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ አንድ ጎን ይጫነዋል፣ በዛ ላይ ሙቀትና ንዝረት ሲጨመርበት ወይ ያፈሳል ወይ ስታድ ይሰብራል ወይ ቱቦው ብየዳው ላይ ይሰነጠቃል።

በቀላሉ ከገጠመ የፊቶቹን ዳዶዎች ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ፍላንጁና ቴስታታው መሀል ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑን እያያችሁ። ቶርክ ሬንች (የጥብቀት ልክ ሚለካ ቁልፍ) ያለው ሰው በ10 ቁልፍ ሚፈታውን ባለ 6 ሚሊ ስታድ 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ ባለ 8 ሚሊውን 20 አካባቢ ያድርገው፣ የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን። የሌለው ሰው አጭር ቁልፍ ይጠቀም፣ ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ መጎተት የለም። ጓርኒሶኑ ሲጨፈለቅ ይለሰልስና ከዛ ድንገት ጠጠር ይላል፣ እዛ ላይ ትንሽ ጨምሮ ማቆም ነው። የኋላው ብሎን መጨረሻ ላይ ይጠብቃል።

ቀዳዳው ቱቦው ላይ ከሆነ

ሳይለንሰሩ ላይ ትንሽ የዝገት ቀዳዳ ከሆነ ለጊዜው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ቆርጣችሁ፣ ከስሩ የማርሚታ ፓስታ ቀብታችሁ፣ በሁለት ፋሼታ (በብሎን ሚጠብቅ የብረት ቀለበት) ማሰር ይቻላል። የለስላሳ ቆርቆሮ አይሁን፣ አልሙኒየም ስለሆነ ቶሎ ይበጣጠሳል። ፊት ላይ፣ ለቴስታታው ቅርብ ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም፣ ብየዳ ነው።

ለብየዳ ማርሚታውን አውልቃችሁ ውሰዱ። ሞተሩ ላይ እንዳለ ልበይደው ሚል ካለ እምቢ በሉት፣ የብየዳው ከረንት ሲዲአዩን (ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ሚያደርገውን የኤሌክትሪክ ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል፣ ታንከሩ ደግሞ ከላይ ቤንዚን ይዞ ተቀምጧል። የትንሽ ሞተር ቱቦ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ውፍረት ነው፣ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) በትልቅ ከረንት ሲያስገባበት አንዱን ቀዳዳ ዘግቶ ሁለት ይከፍታል፣ 2 ሚሊ በትንሽ ከረንት ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበይደው፣ ወይም በጋዝ በነሐስ ያስይዘው። ዝገቱና ቀለሙ ጤነኛ ብረት እስኪታይ ይፈተግ። ቀዳዳው ላይ ሚለጠፈውን ብረት ከጣሪያ ቆርቆሮ አይቁረጠው፣ ዚንክ ስላለው ሲበየድ ሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።

ስንጥቁ ማሰሪያው አጠገብ ከሆነ መበየዱ ብቻ አይበቃም፣ የተሰነጠቀው ስለተወዛወዘ ነው፣ የኋላውን የማሰሪያ ጎማ ሳትቀይሩ መልሳችሁ ከገጠማችሁ ከብየዳው ቀጥሎ ባለው ቦታ ይሰነጠቃል።

ደግሞ ሳይለንሰሩ ስር ኋላ አካባቢ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ዙሪያዋ ያልዛገና ጠርዟ ንጹህ ከሆነ፣ እሷ ከፋብሪካ የመጣች የውሃ መውጫ ናት፣ እንዳታስበይዷት። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር ሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ሚሄድ ሞተር ማርሚታው በደንብ ስለማይግል ውሃው እዛው ይጠራቀማል፣ በዛች ቀዳዳ ካልወጣ ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል። ተደፍና ከሆነ በሽቦ ክፈቷት።

ሲያልቅ

ባለ ኢንጀክሽን ሞተር ከሆነና ቱቦው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ካለ ሶኬቱን መልሳችሁ መሰካታችሁን እዩ። ቱቦውን ከጣት አሻራና ከግራሶ በጨርቅ ጥረጉት፣ አለበለዚያ እዛው ተቃጥሎ ይቀራል። አስነሱት፣ የሳሙናውን ውሃ እንደገና ሞክሩ። መጀመሪያ ለትንሽ ደቂቃ ትንሽ ጭስና ሽታ ይኖራል፣ ከዛ ካላቆመ ነው ማሰብ ያለባችሁ። ዳገት ያለበት መንገድ ወስዳችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱት፣ ስትወርዱ ነዳጅ መስጠት አቁማችሁ ተኩሱን አዳምጡ። ማፍሰሱ ቆሞ ተኩሱ ብቻ ከቀረ አሁን ካርቡራቶሩን ማስነካት ትርጉም አለው።

መልሳችሁ አሳድሩት፣ በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ዳዶዎቹን እንደገና ሞክሯቸው፣ ጓርኒሶኑ ግሎ ሲቀመጥ ትንሽ ስለሚሳሳ እያንዳንዳቸው ጥቂት መዞራቸው አይቀርም፣ የኋላውን ብሎንም አብራችሁ። ከዛ በኋላ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር በዛው ቁልፍ አንዴ ነካ ማድረግ ነው።